ጠቋሚውስ አይጠየቅምን?

ባለፈው እሑድ በእንጦጦ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት፥ ከመካከላችን አንዱ የአንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ስም በስልኩ መፈለጊያ ላይ ጻፈ። ወዲያውም መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ተገልብጦ የተቀመጠበት ቦታ ወጣለት። ዋጋ አልተጠየቀበትም፤ ስለ ደራሲው ፈቃድም አንዳች ቃል አልተጻፈበትም። «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብለን ብንከራከር አንዱ ገልባጩን፥ ሌላው አንባቢውን ወቀሰ። መንገዱን ያመለከተውን መፈለጊያ ግን ማንም አላነሣውም።

ከእንጦጦ ላይ ቆሞ ለእንግዳ ሰው የአንድ ሱቅ አቅጣጫ በጣቱ የሚያሳይ ሰው በጎ አድራጊ ነው። ነገር ግን በዚያ ሱቅ የሚሸጠው ዕቃ የተሰረቀ መሆኑን ባለቤቱ ነግሮት ሳለ አሁንም ቢጠቁም፥ «እኔ ምን ሰረቅሁ?» ማለቱ አያድነውም። አባቶቻችንም በአውጫጭኝ ይፈልጉ የነበረው ሌባውን ብቻ ሳይሆን ዐውቆ ዝም ያለውንም ጭምር ነበር።

በ1991 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ይህንኑ ይመስላል። ጉግልን የመሰለ መፈለጊያ ጥፋቱን ካላወቀ፥ ባለመብቱም በጽሑፍ ሲያሳስበው ጥቆማውን ቶሎ ካነሣ የገንዘብ ካሣ አይከፍልም።

በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲን መብት ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ይህ መብት በደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት እንዲጠበቅ አዘዘ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዚያው በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ፥ የመጽሐፉ መብት ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ይሁን እንጂ አዋጁ ስለ መፈለጊያ ለይቶ አይናገርም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958፥ ሕገ ወጥ ይዘት መኖሩን ዐውቆ ያላነሣ አገልግሎት ሰጪ እንዲጠየቅ ቢያዝም፥ በዚህ ረገድ ከዘረዘራቸው ጥፋቶች ውስጥ የድርሰት ስርቆት የለም።

እንግዲህ ነገ ሕግ የምታረቅቁ ወጣቶች ሆይ፥ ደራሲው «ይህ የእኔ ነውና አንሡልኝ» ብሎ የሚያመለክትበት በር በቅጂ መብት ሕጋችን ውስጥ በግልጽ ይከፈት እንላለን። ማሳሰቢያው በሐሰት የቀረበ እንደ ሆነም ተከሳሹ መልስ የሚሰጥበት መንገድ ይኑረው። በሩ እስኪከፈት ድረስ ግን እኛ አንባቢዎች ከነገሩ ንጹሕ ነን አንበል፤ መፈለጊያው የሚጠቁመን እኛ ስለ ጠየቅነው ነውና። ከመጀመሪያው መጽሐፉ እንጀራ ያላገኘ ደራሲ ሁለተኛውን በምን አቅሙ ያሳትመዋል?