ከወደብ ሸክም እስከ ፊልም ድርሰት

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ለብዕር የበቃው በማርሴይ ወደብ መርከብ ሲያራግፍ ከኖረ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወደቡን ጥቁር ወዛደር፣ በ1960 ደግሞ ከ1947 እስከ 1948 በዳካር–ኒጀር ባቡር ሠራተኞች የተካሄደውን ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በልቦለድ ተረከ። ዳሩ ግን መጽሐፎቹ በቅኝ ገዥው ቋንቋ በፈረንሳይኛ የተጻፉ ነበሩና፣ የሚበዛው ጭቁን ወገኑ ሊያነባቸው አልቻለም። ይህ ለአንድ የወዛደር ደራሲ ቀላል ቅራኔ አልነበረም! ስለዚህ ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሙያ ተማረ፤ በ1968ም የራሱን ድርሰት «ማንዳቢ»ን በወሎፍ ቋንቋ ለፊልም አበቃ። ባለታሪኩ ማንበብ የማይችል ሥራ አጥ ነው፤ ከፓሪስ የተላከለትን ሐዋላ ለመቀበል መታወቂያ፣ ለመታወቂያው የልደት ማስረጃ እየተጠየቀ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። በመታወቂያ ሰልፍ የቆመ አንባቢ ሁሉ ይህን ሰው ያውቀዋል።