አንድ ዲስክ በሁለት ስም

የአንድን ኮምፒውተር ሙሉ የሲስተም ኢሜጅ መውሰድ ማለት ዊንዶውስን፣ የተጫኑትን ፕሮግራሞች፣ ማስተካከያዎቻቸውን፣ የተጠቃሚውን ፋይሎች፣ እንዲሁም ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነባቸውን የተደበቁ ክፍልፍሎች በነበሩበት ቅርጽ በአንድ ጊዜ መቅዳት ነው፤ ዓላማውም ዲስኩ በተበላሸ ማግስት በአዲስ ዲስክ ላይ ያንኑ ኮምፒውተር ከነፕሪንተር ማስተካከያው መልሶ ማግኘት ነው። በአዲስ አበባ በርካታ ቢሮዎች የፒችትሪ ሂሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ሲዲ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝን የጫነው ባለሙያ ስልኩን ቀይሯል፤ የሽያጭ መመዝገቢያው መሣሪያ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዴት እንደተገናኘ የሚያስታውስ ሠራተኛም የለም። በእንዲህ ያለ ቢሮ ፋይሎችን ብቻ ቀድቶ ማስቀመጥ ሥራውን ወደ ነበረበት ስለማይመልስ፣ ኢሜጅ መውሰድ ተገቢ ብቻ ሳይሆን አስፈላጊ ነው። እስከዚህ ድረስ በሙያው ውስጥ ብዙ ክርክር የለም። ደንበኞችም፣ ጥቂት የማይባሉ ባለሙያዎችም ደጋግመው የሚስቱት ኢሜጁ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው።

«ዲ ላይ አለ» የሚለው መልስ ከጎፋ እስከ ለቡ፣ ከጀርመን አደባባይ እስከ ጀሞ ባሉ የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ አልነሳ ያለው ደንበኛ ባክአፕ እንዳለው ሲጠየቅ ሳያመነታ ይህንኑ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ማብራሪያ ለሰሚው ሁልጊዜ አዲስ፣ ለተናጋሪው ግን አድካሚ በሆነ መጠን የተደጋገመ ነው። በአብዛኞቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ በፊደል የሚሰይማቸው ሲ (C:) እና ዲ (D:) ሁለት ዕቃዎች አይደሉም። ክፍልፍል፣ በተለምዶ ፓርቲሽን የሚባለው፣ አንድ ዲስክ ለዊንዶውስ እንደ ብዙ ዲስክ እንዲታይ የሚያደርግ የወሰን ምዝገባ ነው፤ ኤምቢአር በሚባለው የቀድሞ አሠራር ይህ ምዝገባ የሚገኘው በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ዋና ክፍልፍል 16 ባይት፣ ለአራቱ በጠቅላላው 64 ባይት ይይዛል። ሲን ከዲ የሚለየው ወሰን ከዚህ አይበልጥም። የሚሽከረከረው ሳህን፣ የሚያሽከረክረው ሞተር፣ የሚያነበው ጭንቅላትና ከሥር የተገጠመው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ለሁለቱም አንድ ናቸው፤ አንዲት ክፍል በመጋረጃ ተከፍላ ሁለት ቤተሰብ ቢኖርባትም ጣሪያው ሲያፈስ ለሁለቱም እንደሚያፈስ ማለት ነው። ሞተርና ሳህን የሌለው ኤስኤስዲም ነገሩን አይለውጠውም፤ ተቆጣጣሪ ቺፑ የተበላሸ እንደሆነ ሲም ዲም በአንድ ቅጽበት ይሰወራሉ፤ ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት አንዳንድ ጊዜ የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ድምፅ እንኳ አይኖርም።

ዲ ላይ ያለ ነገር አይጠፋም የሚለው እምነት ከየት እንደመጣ መረዳት ተገቢ ነው፤ ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለምና። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የቢሮ ኮምፒውተር ዋና በሽታ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር፤ መድኃኒቱም ሲን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን ነበር። ዴስክቶፕ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ከፎርማቱ ጋር ጠፋ፤ ዲ ላይ የነበረው ግን ተረፈ። ባለሙያው ራሱ ለደንበኛው «ዋና ዋና ፋይሎችን ዲ ላይ አድርግ» ብሎ መከረ፤ ምክሩም በየፎርማቱ እውነት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሕዝቡ ዲን ያመነው በተሞክሮ ነው። ይሁን እንጂ ተሞክሮው ያስተማረው ስለ አንድ ዓይነት አደጋ ብቻ፣ ማለትም ዊንዶውስ ተበላሽቶ ዲስኩ ጤነኛ ስለሆነበት ሁኔታ ነው፤ ስለ ዲስክ ብልሽት፣ ስለ ስርቆት፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስለሚከተለው የኃይል መዋዠቅ ያስተማረው ነገር የለም። የሙያው ማኅበረሰብ ለአንድ በሽታ የሰጠውን መድኃኒት ለሁሉም በሽታ እንዲወሰድ ዝም ብሎ ማየቱ ከደንበኞቹ አለማወቅ የከፋ ጥፋት ነው።

በመካኒሳ አካባቢ የሚገኝ፣ ለበርካታ ነጋዴዎች የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ አንድ አነስተኛ ቢሮ የደረሰበት ጉዳይ እስከ ዛሬ ከአእምሮ አይወጣም። ወቅቱ ጥቅምት ነበር፤ የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች የበጀት ዓመታቸው ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ዓመታዊ ሂሳባቸውን እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ ስላለባቸው፣ የሂሳብ ባለሙያዎች እንቅልፍ የሚያጡበት ወር ነው። ዲስኩ ጨርሶ አልታይ አለ። ቢሮው ግን ተረጋግቶ ነበር፤ ቀደም ሲል የመጣ የጥገና ሠራተኛ ሙሉ ኢሜጅ ወስዶላቸው ዲ ላይ አስቀምጧል። የኮምፒውተሩ ሳጥን ሲከፈት ውስጡ ያለው አንድ ዲስክ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጭንቅላቱ የተጎዳን ዲስክ ከፍቶ መረጃ ማውጣት ደግሞ ከአቧራ የጸዳ ልዩ ክፍል የሚጠይቅ እንጂ በተራ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚደረግ ሥራ አይደለም። የሚያስቆጨው የዲስኩ መበላሸት አይደለም፤ ዲስክ ሁሉ ይበላሻል። የሚያስቆጨው የዊንዶውስ የኢሜጅ መውሰጃ ከሚቀዳው ዲስክ ጋር አንድ አካል ላይ ያለ ክፍልፍል ሲመረጥለት፣ ዲስኩ ቢበላሽ ባክአፑም አብሮ እንደሚጠፋ በግልጽ ጽፎ የሚያስጠነቅቅ መሆኑ ነው። ማስጠንቀቂያው ለሙያተኛው በስክሪኑ ላይ ቀርቦለት ነበር፤ እርሱም «ቀጥል» የሚለውን ተጭኖ አልፎታል።

ከዚህም የባሰ፣ ብዙ ባለሙያዎች የማያስተውሉት ሁለተኛ ጉድለት አለ። ይኸው የዊንዶውስ መሣሪያ ኢሜጁ የሚቀመጥበትን ክፍልፍል በኢሜጁ ውስጥ አያካትትም። ሰነዶቹን በቀድሞው ምክር መሠረት ዲ ላይ ያከማቸ ቢሮ ኢሜጁንም ዲ ላይ ቢያስቀምጥ፣ «ሙሉ» የተባለው ቅጂ ዊንዶውስንና ፕሮግራሞቹን ይዞ ሰነዶቹን አንድ ሳይቀር ትቷቸዋል ማለት ነው። ይህን የሚያውቀው ባለቤት ጥቂት ነው፤ የሚነግረው ባለሙያ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

እርግጥ ነው፣ በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ሲ ኤስኤስዲ፣ ዲ ደግሞ ራሱን የቻለ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚታወቀው በፊደሉ ሳይሆን የዊንዶውስን የዲስክ ማስተዳደሪያ ከፍቶ ሁለቱ በተለያየ የዲስክ ቁጥር ሥር መመዝገባቸውን በማየት ነው። እንዲያም ሆኖ ሁለቱ ዲስኮች አንድ የኃይል ማከፋፈያ ይጋራሉ፤ ሳጥኑን ተሸክሞ የሚወጣ ሌባም ሁለቱንም ይወስዳቸዋል። ከጀርባው ተሰክቶ ዓመቱን ሙሉ የማይነቀል ኤክስተርናል ዲስክም ከዚህ የሚሻለው በጥቂቱ ነው። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች የተሠራጨው ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም በሲ ላይ ሳይወሰን በዲም፣ በተሰኩ ዲስኮችም ላይ ያሉትን ፋይሎች ይቆልፍ ነበር፤ ዊንዶውስ በውስጡ የሚይዛቸውን የቀደሙ ቅጂዎችም ይሰርዝ ነበር።

ቅጂን ከዋናው አርቆ የማስቀመጥ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ከየአድባራቱና ከየገዳማቱ የተሰበሰቡ ከ9 ሺህ በላይ ጥንታዊ መጻሕፍትን በፊልም ሲያነሳ፣ ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ ባለፉት የጦርነትና የሁከት ዓመታት ፊልሞቹ በሌላ አህጉር መኖራቸው ምን ያህል እንደጠቀመ ለመረዳት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ከርቀቱ በላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት የሠሩት ካታሎግ ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ፊልሞች ተከፍተው፣ ተነብበው፣ በውስጣቸው ምን እንዳለ ተመዝግቧል። ተቀድቶ የማይከፈት ነገር በእርግጥ መኖሩን ማንም ሊመሰክር አይችልም።

የኢሜጅም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 የሶፍትዌር ጸሐፊዎች የሚገለገሉበት ጊትላብ የተባለው ድርጅት አንድ ሠራተኛው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ በሰረዘ ጊዜ፣ የተዘረጉት አምስት የባክአፕና የቅጂ ዘዴዎች እንደታሰበው አልሠሩም፤ ድርጅቱን ያተረፈው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ዓላማ በእጅ የተወሰደ አንድ ቅጂ ነበር። ድርጅቱ ይህን ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። እንዲህ ያለ የባለሙያዎች ቤት ሳይሞክር ተስፋ ያደረገበትን፣ አንድ የመካኒሳ ወይም የሳሪስ ቢሮ ሳይሞክር ሊተማመንበት አይችልም።

ኢሜጅን መመለስ የራሱ ግዴታዎች አሉት፤ አብዛኞቹም የሚታወቁት በጭንቀቱ ቀን ነው። በዊንዶውስ መሣሪያ የተወሰደ ኢሜጅ ከቀድሞው ባነሰ ዲስክ ላይ አይመለስም፤ ስለዚህ አሮጌውን የ1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለመተካት ያሰበ ሰው፣ ከዲስኩ የተያዘው ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ይከለከላል። ዩኢኤፍአይ በሚባለው አዲሱ የኮምፒውተር አነሳስ የተወሰደው ባዮስ በሚባለው በቀድሞው አነሳስ ላይ አይመለስም። ኢሜጁ የተቀመጠበት ፎልደር ስሙ ከተቀየረ ወይም ከዲስኩ የላይኛው ደረጃ ተነስቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ከገባ መመለሻው አያገኘውም። ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀመጥም። ኮምፒውተሩ ዲስኩ በተበላሸ ጊዜ የሚነሳበት የማስነሻ ፍላሽ አስቀድሞ ካልተዘጋጀ ኢሜጁ ቢኖርም ወደ እርሱ መድረሻ የለም። በተጨማሪም ማይክሮሶፍት ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ እንደማያሳድገው አስታውቆ ተጠቃሚዎች ወደ ሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞች እንዲዞሩ መክሯል፤ ነጻ የሆነው ክሎንዚላ ለዚህ በቂ ነው፤ እርሱም ቢሆን በነባሪ አሠራሩ ከቀድሞው ያላነሰ ዲስክ ይጠይቃል።

ኢሜጁን ወደ ክላውድ መላክ በመርህ ደረጃ ያስኬዳል፤ ነገር ግን 100 ጊጋባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ወደ 22 ሰዓት ይፈጃል። ለአነስተኛ ቢሮ የሚበጀው ሁለት ኤክስተርናል ዲስኮችን ማፈራረቅ ነው፤ ቢሮው መካኒሳ፣ የባለቤቱ ቤት ጀሞ ከሆነ አንዱ ዲስክ ሁልጊዜ ጀሞ ያድራል፣ ቢሮ ያለውም ቅጂ ከሚወሰድበት ጊዜ በስተቀር ይነቀላል። ከቢሮ የሚወጣው ዲስክ ግን መቆለፍ አለበት፤ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ኮምፒውተር ኢሜጅ ዊንዶውስ እየሠራ ሳለ ሲወሰድ ሳይቆለፍ ስለሚቀመጥ፣ ያገኘው ሁሉ የደንበኞችን መረጃ ሊያነብ ይችላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ እንደ ቀላል ጉዳይ የሚታለፍ አይደለም።

ኢሜጁ በእርግጥ የሚመለስ መሆኑ የሚረጋገጥበት ሙከራ የሚደረገው በሥራ ላይ ባለው ዲስክ ሳይሆን ለዚሁ በተገዛ ባዶ ዲስክ ነው። ዋናው ይነቀላል፤ ባዶው ይሰካል፤ ኮምፒውተሩ በማስነሻው ፍላሽ ተነስቶ ኢሜጁ ይመለሳል። ዊንዶውስ መነሳቱ ብቻ ምስክር አይሆንም፤ ፒችትሪ ተከፍቶ የድርጅቱ መዝገብ መነበብ አለበት፤ በፓወር ግዕዝ አንድ መስመር ተጽፎ መታተም አለበት፤ ከዚያም በመዝገቡ ውስጥ የመጨረሻ ሆኖ የተገኘው ደረሰኝ ቁጥር ኢሜጁ በተወሰደበት ቀን ከተቆረጠው የወረቀት ደረሰኝ ጋር ይመሳከራል።