ስለ መድኃኒትና ስለ ጽዋ

ሰው ሥጋ ለባሽ ነውና በዘመኑ ሁሉ ከደዌ ርቆ ሊኖር አይችልም። ነገር ግን ፈጣሪ ደዌ ባለበት ዓለም መድኃኒትንም አኑሯል፤ መድኃኒቱን ለይቶ የሚያውቅ ጥበብም ለሰው ሰጥቷል። ሐኪምን ማክበርና ትእዛዙን መጠበቅ ከሃይማኖት ጋራ የሚስማማ እንጂ የሚቃወም እንዳይደለ መጽሐፈ ሲራክን የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያሳዝነው ግን መድኃኒቱ ተገኝቶ፣ በገንዘብ ተገዝቶ፣ ከቤትም ከገባ በኋላ አወሳሰዱን ባለማወቅ ምክንያት ጥቅሙ ሲቀር ነው።

ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ነገር፣ አንቲባዮቲክ የሚባሉትን ተሕዋስያንን የሚያጠፉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ ወይም ወይን ቢጠጣ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ነው። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአገራችን የወሩ ማኅበር፣ ሰንበቴው፣ ክርስትናው፣ ሠርጉና ተዝካሩ ያለ መጠጥ የሚፈጸም አይደለም፤ ስለዚህ የሰባት ወይም የዐሥር ቀን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በመካከሉ አንድ ጽዋ ሳይቀርብለት የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው በሆድ ሕመም ተይዞ ሐኪም ቤት ሄደና ለሰባት ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠው እንበል። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ቀለል አለለት፤ በዚያውም ቀን የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ሆነ። ሙሴው ጽዋውን አንሥቶ «ይቀበሉ ጋሼ፣ የመልአኩ ጽዋ ነው፣ አይለፍዎ» ባለው ጊዜ ሰውዬው ከሦስት ነገር አንዱን ያደርጋል። ወይ ሕመሙን ተናግሮ ጽዋውን ያሳልፋል፤ ወይ ምንም ሳይመረምር መድኃኒቱንም መጠጡንም ይወስዳል፤ ወይም «መድኃኒትና መጠጥ አይስማሙም» ሲባል ሰምቷልና፣ እንግዲያው ለዛሬ መድኃኒቱ ይቅር ብሎ ኪኒኑን ትቶ ይጠጣል። ከሦስቱ እጅግ የሚያስፈራው ይህ የመጨረሻው ነው። ይህነንም እንዲያደርግ የገፋው ድፍረት ሳይሆን በጅምላ የተነገረው ማስፈራሪያ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ስለዚህ የትኛው መድኃኒት ከመጠጥ ጋራ በእርግጥ እንደሚጣላ፣ የትኛው እንደማይጣላ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት የፔኒሲሊንን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 በለንደን ከተማ፣ የአንድ ሻጋታ ጭማቂ ተሕዋስያንን ሲገድል አይቶ ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው። በኋላም ፍሎሪና ቼይን የተባሉ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋራ በኦክስፎርድ ጭማቂውን አጣርተው ለመድኃኒትነት አበቁት። በ1941 መጀመሪያ ክፉ ቍስል ፊቱን ያበላሸበት አንድ ፖሊስ መድኃኒቱ ተሰጠውና በጥቂት ቀን ውስጥ እጅግ ተሻለው። ነገር ግን መድኃኒቱ ጥቂት ነበረ፤ ከሽንቱ እንኳ እያጣሩ መልሰው ቢሰጡት በአምስት ቀን ውስጥ አለቀ። በሽታውም አገርሽቶበት ፖሊሱ በማርች ወር ሞተ። ያ ሰው የሞተው መድኃኒቱ ስላለቀበት ነው። ዛሬ ግን መድኃኒቱ በእጁ ሳለ ስለ አንድ ጽዋ ብሎ በገዛ ፈቃዱ የሚያቋርጠውን ሰው ምን እንለዋለን?

በጦርነቱ ዘመን ፔኒሲሊን በአባለ ዘር በሽታ ለተያዙ ወታደሮች ይሰጥ ነበር። ሐኪሞቹ ወታደሮቹን ከመጠጥ የከለከሏቸው መጠጡ ከመድኃኒቱ ጋራ መርዝ ስለሚሆን ሳይሆን፣ የሰከረ ሰው ሳይድን ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሶ በሽታውን ያዛምታል ብለው ስለ ፈሩ ነው ይባላል። በ2020 በአሜሪካ አገር ሐኪሞች ቀደም ሲል የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስበው በመረመሩ ጊዜ፣ እንደ አሞክሲሲሊን ያሉ ከፔኒሲሊን ወገን የሆኑ የሚዋጡ መድኃኒቶች በመጠኑ ከተወሰደ መጠጥ ጋራ ጉዳት እንደሚያመጡ የሚያስረዳ ማስረጃ አላገኙም። ይህ ማለት ግን የታመመ ሰው ይጠጣ ማለት አይደለም። መጠጥ እንቅልፍን ያውካል፣ የሰውነትን ውኃ ያጎድላል፣ መድኃኒቱ የሚያመጣውን የሆድ መረበሽና የራስ መዞር ይጨምራል። ነገር ግን ሳያውቅ የጠጣ ሰው መርዝ ጠጣሁ ብሎ ሊደነግጥና መድኃኒቱን ሊተው አይገባውም።

ከዚህ ቀጥሎ መጠጥ በግልጥ የተከለከለባቸውን እንናገር። የመጀመሪያው ለአሜባ፣ ለጃርድያና ለሌላም ደዌ በአገራችን በብዙ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ የቅርብ ዘመዱ ቲኒዳዞልም እንደዚሁ ነው። የጠጣነው አልኮል በጉበት ውስጥ መጀመሪያ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዛም ነገር ይለወጣል፤ ጤነኛ ጉበት ይህነን መርዝ ፈጥኖ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጠዋል። በዴንማርክ አገር ያሉ መርማሪዎች በ1948 ዳይሰልፊራም የተባለ መድኃኒት ይህነን ሁለተኛ ሥራ እንደሚያግድ ገለጡ። መድኃኒቱን ወስዶ የሚጠጣ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ያስታውከዋል። ስለዚህም ስካርን ለማስተው ይሰጡት ጀመር። በኋላ ሜትሮኒዳዞል ወስደው በጠጡ ሰዎች ላይ ይህን የመሰለ ሕመም መታየቱ ስለ ተነገረ፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅና ካለቀም በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ቀን እስኪያልፍ መጠጥ እንዳይቀመስ ተደነገገ።

እውነቱን ሳንሸሽግ ለመናገር፣ በ2002 በፊንላንድ በ12 ጤነኛ ወንዶች ላይ በተደረገ ምርመራ ይህ ሕመም አልታየም፤ በደማቸውም ውስጥ አሴታልዴሃይድ አልበዛም። ስለዚህ ነገሩ ሊቃውንትን አሁንም ያከራክራል። ይሁን እንጂ የ12 ጤነኞች ደኅና መሆን ለታመመው፣ ለሽማግሌውና ጉበቱ ለደከመው ሁሉ ዋስ ሊሆን አይችልም። በአንድ ወገን የጥቂት ቀን መታገሥ፣ በሌላው ወገን ድንገተኛ ሕመም ሲመዘኑ፣ መታገሡ የሚቀልል ሸክም ነው። ምናልባት ከካህናት ወገን፣ ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮት የለምን የሚል ይገኝ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው፤ ሐዋርያው የመከረው በዘመኑ ለተገኘው መድኃኒት ነው። ዛሬ ለሆድ ሕመም የሚታዘዘው ኪኒን ራሱ ወይንን የሚከለክል ከሆነ፣ ምክሩን የሚጠብቅ ሰው ኪኒኑን ውጦ ወይኑን ይተዋል።

ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ በሁለቱ ወር አራት ዐይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዐይነት መድኃኒት ይወሰዳል። ከእነዚህ ውስጥ አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ መጠጥ ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል። ዐይኑ ብጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቈረ፣ ምግብ ያስጠላው ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ለሐኪሙ መንገር አለበት። በስድስት ወር ውስጥ ብዙ በዓል ይውላልና፣ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ቤተ ሰቡና ማኅበርተኛው ሊያግዙት እንጂ ሊያግደረድሩት አይገባም።

ሦስተኛው ሊኔዞሊድ ነው፤ ይህም መድኃኒት ለተለማመደው ነቀርሳና ለሌላም ጽኑ በሽታ ይሰጣል። በበርሜል በሚቀዳ ቢራና በሌላም ቆይቶ በፈላ ነገር ውስጥ ታይራሚን የሚባል ነገር ስለሚገኝ፣ ከዚህ መድኃኒት ጋራ ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። አራተኛም፣ በቅማል ለሚተላለፈው ተስቦና ለሌላም ትኩሳት የሚሰጠው ዶክሲሳይክሊን አለ። ዘወትር በብዙ የሚጠጣ ሰው ጉበቱ ይህነን መድኃኒት ፈጥኖ ስለሚያስወግደው ኃይሉ ያንስበታል። እንዲህ ያለ ልማድ ያለበት ሰው እውነቱን ለሐኪሙ ይንገር፤ የቆየ ልማድን በአንድ ቀን መቁረጥም የራሱ አደጋ አለውና ይህም በምክር ይሁን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደ ተባለ፣ መጠጡን የደበቀም እንደዚያው ነው።

አንዳንድ ሰው አረቄ ነው እንጂ ጠላ ምን ያደርጋል ይላል። ጠላ ከጠጅ፣ ጠጅም ከአረቄ በኃይል ቢያንስ፣ በሁሉም ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ነው፤ በዋንጫ የበዛ ጠላ በመለኪያ ካነሰ አረቄ ሊበልጥ ይችላል። ብርዝም ቢሆን ሳይፈላ የማር ውኃ ነው፤ ሰንብቶ ሲፈላ ግን ወደ ጠጅነት ይሄዳልና በዕለቱ የተበረዘ መሆኑን መጠየቅ ይበጃል። ለቅዱስ ቍርባን የሚቀርበው ወይን ግን ከዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቅና ያልፈላ ስለ ሆነ፣ ይህ የምንናገረው ክልከላ አይነካውም። ካህኑም ቈራቢውም ስለዚህ ሊጨነቁ አይገባም።

እንግዲህ መድኃኒትን ማቋረጥ ስለሚያመጣው ጉዳት ጥቂት እንጨምር። ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤልን ሽልማት በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር አንድ ምሳሌ ተናግሮ ነበር። ጕሮሮውን የታመመ አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ ከሚበቃው በታች ወሰደ፤ ተሕዋስያኑም ሳይሞቱ መድኃኒቱን መቋቋም ተማሩ። ከዚያም በሽታው ወደ ሚስቱ ተላለፈ፤ እርስዋም በዚያው መድኃኒት ብትታከም አልሠራላትምና ሞተች። ምሳሌው በኋላ በዓለም ሁሉ እውነት ሆነ፤ በ2019 መድኃኒትን በተለማመዱ ተሕዋስያን ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንት ገምተዋል። ስለዚህ በማኅበር ቀን የተዘለለ ኪኒን የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ በዚያው ደዌ የሚያዘውን የልጁንና የጎረቤቱን መድኃኒት ያበላሻል።

በዚህ ነገር እያንዳንዱ ወገን የሚሠራው ድርሻ አለው። የጤናን ሥራ የሚመሩ ሹማምንት፣ መድኃኒቱን የሚሰጠው ባለሙያ «ይህነን ስትወስድ አትጠጣ» ወይም «ብትጠጣም መድኃኒቱን አታቋርጥ» የሚለውን ቃል ሕመምተኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲናገርና በፓኬቱም ላይ እንዲጽፍ ቢያደርጉ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መሸጥንም አጥብቆ መከልከል ይገባል፤ ሐኪም ያላየው ገዢ የሚጠይቀው ሰው የለውምና። የንስሐ አባቶችም የንስሐ ልጆቻቸውን «መድኃኒትህን ጨርሰሃልን?» ብለው ቢጠይቁ፣ ሙሴውም ሕመምተኛ ለሆነው ማኅበርተኛ በጠላው ፈንታ ውኃ ወይም ያልፈላ ብርዝ ቢያቀርብለት፣ የማኅበሩ ክብር አይጎድልም። ማኅበር የተሠራው ለፍቅር ነውና፣ ፍቅርም የታመመውን ማስጨነቅ አይደለም።

ነገራችንን ስንጠቀልለው እንዲህ ነው። መድኃኒት ሲታዘዝልህ ከመጠጥ ጋራ ይስማማ እንደ ሆነ ጠይቅ። ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ከሆነ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ሦስት ቀን እስኪያልፍ አትቅመስ፤ የነቀርሳ መድኃኒት ከሆነ ሕክምናው እስኪፈጸም ተወው። ሌላም ቢሆን እስክትድን መታገሡ ይበጅሃል። ሳታውቅ ጠጥተህ ብትገኝ መጠጡን ተው እንጂ መድኃኒቱን አትተው፤ ብርቱ ሕመም ቢሰማህም ወደ ሐኪም ቤት ፈጥነህ ሂድ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር በሚመጣውም ወር ይመለሳል፤ ጽዋውም ይቆይሃል። በከንቱ ያለፈ መድኃኒት ግን ሁልጊዜ አይመለስምና፣ ጽዋውን ለጤና ቀን አቆይቶ መድኃኒቱን በጊዜው መጨረስ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው።