ለዳታቤዝ ሰርተፊኬት ምን እናንብብ? ከማትሪክ ጥራዝ እስከ ዲፒ-300

አገር ቤት ማትሪክ የተፈተነ ሰው ያስታውሰዋል። ፈተናው ሁለት ሦስት ወር ሲቀረው ከታላላቆቻችን የምንቀበለው፣ ጠርዙ የተበላ፣ በፎቶ ኮፒ ብዛት ፊደሉ የደበዘዘ ያለፉ ዓመታት የጥያቄ ጥራዝ ነበር። ያንን ደጋግሞ የሠራ ያልፋል ይባላል፤ ብዙዎቻችንም አልፈንበታል። ነውርም አልነበረውም። አስተማሪዎቻችን ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይሠሩልን ነበር።

ሲያትል መጥተን ለዳታቤዝ አድሚኒስትሬተርነት ሰርተፊኬት ስንዘጋጅም እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያው ልማድ ነው። "ያለፈ ጥያቄ ያለው አለ?" ብለን እንጠይቃለን፤ አንዱ በቴሌግራም ይልክልናል፣ ወይም የሚሸጥበትን ይጠቁመናል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። "መቶ በመቶ እውነተኛ ጥያቄዎች" የሚል ፒዲኤፍ ገዛሁና በሌሊት ፈረቃ እረፍቴ ላይ በስልኬ ሸመደድኩት። ለማለፍ 700 ያስፈልግ ነበር፤ እኔ ያመጣሁት 581 ነው። የፈተናው ዋጋ 165 ዶላር ነው። በ2025 በሲያትል ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 20.76 ዶላር ስለነበረ፣ ታክስ ሳይነካው የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ማለት ነበር። ድጋሚ ለመፈተን ያው 165 እንደገና ይከፈላል። ከገንዘቡ ይልቅ የቆጨኝ ግን ሦስት ወር ሙሉ ከእንቅልፌ የቀነስኩት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ተሳክቷል። ይህን የምጽፈው ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ከመጀመሪያው ስለበዛ አይደለም፤ እንዲያውም አነሰ። የተለየው አመራረጤ ነው። ምሳሌ የማደርገው የማይክሮሶፍትን ዲፒ-300 ነው፤ ሬድመንድ ከሐይቁ ማዶ በመሆኑና እዚህ አካባቢ ያለን ብዙዎቻችን የምናስበው እሱን ስለሆነ። ኦራክልን ለመረጠ ሰውም አካሄዱ ብዙ አይለይም።

መጽሐፍ ከመፈለጋችሁ በፊት ፈተናው ራሱ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ቀልድ አይደለም። በአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ መደርደሪያ ላይ "70-764" የሚል ቁጥር ያለው ወፍራም መጽሐፍ በጥቂት ዶላር ታገኛላችሁ። ይህ ለኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 አስተዳደር የነበረ ፈተና ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2021 ከነቤተሰቡ አቁሞታል። የአማዞን የዳታቤዝ ስፔሻሊቲ ሰርተፊኬትም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ቀርቷል፤ የቪዲዮ ኮርሶቹ ግን ፈተናው ከቀረ በኋላም አልጠፉም። ሻጭ ፈተናው መቅረቱን የመናገር ግዴታ ያለበት አይመስለውም።

አሮጌው መጽሐፍ ከንቱ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ባክአፕ፣ ሪስቶር፣ ኢንዴክስ፣ በሎጊንና በዩዘር መካከል ያለው ልዩነት፣ አንዱ ኩዌሪ ሌላውን ለምን እንደሚያግድ፣ ይህ ሁሉ ከውስጥ ያለው ሞተር ያው በመሆኑ ዛሬም ይሠራል። የሚጎድለው የክላውዱ ክፍል ነው። ስለዚህ ጓደኛችሁ አሮጌውን መጽሐፍ በነፃ ከሰጣችሁ ተቀበሉ፤ ለመሠረቱ ይጠቅማል። ገንዘብ አውጥታችሁ ግን አትግዙ።

ቀጥሎ የሚነበበው ማይክሮሶፍት በነፃ የሚያወጣው የፈተናው ስተዲ ጋይድ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳልከፍተው የቀረሁት ይህን ነበር። ጥቂት ገጽ ብቻ ነው፤ ከላይ ዝርዝሩ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ የሚገልጽ ቀን አለው። ፈተናውን በአምስት ክፍል ይከፍለዋል። የዳታ መድረኩን ማቀድና መትከል፣ አፈጻጸምን መከታተልና ማሻሻል፣ እንዲሁም አደጋ ሲደርስ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ማድረግ እያንዳንዳቸው ከመቶ ከ20 እስከ 25 ይይዛሉ። ደህንነትና ሥራን በአውቶሜሽን ማስኬድ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ15 እስከ 20 ይይዛሉ። ይህን አትሙትና ከየመስመሩ አጠገብ "ሠርቼዋለሁ"፣ "አንብቤዋለሁ"፣ "ሰምቼው አላውቅም" ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በኋላ የምትገዙት ወይም የምትዋሱት ማንኛውም ነገር ሦስተኛውን ምልክት የሚቀንስ መሆን አለበት። የመጽሐፍ ማውጫ ከዚህ ወረቀት ጋር ተነጻጽሮ ግማሹን ካልሸፈነ፣ ደራሲው የቱንም ያህል ስመ ጥር ቢሆን ለዚህ ፈተና የተጻፈ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለዳታቤዝ አስተዳደር ከሁሉ የሚበልጠው የጥናት መሣሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ልታበላሹት የምትችሉት የራሳችሁ ዳታቤዝ ነው። ዋጋውም ዜሮ ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ዴቨሎፐር ኤዲሽን እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ ለምርት ሥራ ካልተጠቀማችሁበት በቀር ሙሉው ነገር አለው። ማኔጅመንት ስቱዲዮም ነፃ ነው። አድቬንቸርወርክስ የሚባለውን የመለማመጃ ዳታቤዝ አውርዳችሁ ትጭኑበታላችሁ። ለክላውዱ ክፍል ደግሞ አዙር ለተማሪዎች በኮሌጅ ኢሜይል፣ ያለ ክሬዲት ካርድ፣ ለ12 ወር የሚያገለግል 100 ዶላር ይሰጣል። ይህን ዕድል ሳይጠቀሙበት የሚመረቁ ብዙዎች ናቸው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ከፍታችሁ የተለማመዳችሁበትን ሰርቨር ሳትዘጉ ላፕቶፑን ብቻ ዘግታችሁ አትተኙ። ክላውድ እንደ ታክሲ ቆጣሪ ነው፤ ቆማችሁም ይቆጥራል።

ምን እንለማመድ ለምትሉ፣ እኔን የለወጠኝን አንዱን ልንገራችሁ። የዳታቤዛችሁን ሪከቨሪ ሞዴል "ፉል" አድርጉት። ሙሉ ባክአፕ ውሰዱ። ጥቂት መረጃ አስገቡና የትራንዛክሽን ሎግ ባክአፕ ውሰዱ፤ ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። ከዚያ ሰዓቱን ጻፉና "ዌር" የሚለውን ቃል ሆን ብላችሁ በመርሳት አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ሁሉ "ዲሊት" አድርጉ። አሁን መረጃውን ከመጥፋቱ አንድ ደቂቃ በፊት ወደነበረበት መልሱት። መጀመሪያ ያልተያዘውን የሎግ ጭራ ባክአፕ ማድረግ እንዳለባችሁ፣ ሙሉውን ባክአፕ "ኖሪከቨሪ" ብላችሁ መመለስ እንዳለባችሁ፣ ሎጎቹን በቅደም ተከተል አስከትላችሁ መጨረሻ ላይ "ስቶፕአት" ብላችሁ ሰዓቱን መስጠት እንዳለባችሁ በአንድ ምሽት ይገባችኋል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው "ኖሪከቨሪ" ማለቱን ዘነጋሁና ዳታቤዙ ተከፈተ፤ የቀሩትን ሎጎች አልቀበልም አለኝ፤ ከዜሮ ጀመርኩ። ያን ስህተት ከዚያ በኋላ ደግሜው አላውቅም። ፒዲኤፉ ላይ ግን ይኸው ጥያቄ ነበር፤ መልሱ "ሐ" መሆኑን ብቻ ነበር የማውቀው።

ይኸንኑ በአዙር ኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሞክሩት። እዚያ ባክአፑን ራሱ ይወስዳል፤ ካልቀየራችሁት ለ7 ቀን ያስቀምጣል፣ ብትፈልጉ እስከ 35 ቀን ይዘልቃል፣ ስትመልሱት ደግሞ በነበረው ላይ አይጽፍም፤ አዲስ ዳታቤዝ አድርጎ ይሠራላችኋል። ፈተናው የሚወደው እንዲህ ያለውን ልዩነት ነው።

ሥራ ለመቀጠር ቃለ መጠይቅ ስገባም የተጠየቅሁት የሰርተፊኬት ቁጥሬን አልነበረም። "አንድ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ላይ ሠንጠረዥ ደመሰሰ፤ የመጨረሻው ሙሉ ባክአፕ የሌሊቱ ነው፤ ምን ታደርጋለህ?" ነበር ያለኝ ጠያቂው። ነጭ ሰሌዳው ላይ ሣልኩለት።

ማብራሪያ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል፤ በልምምድ ብቻ አይዘለቅም። አንድ ብቻ ምረጡ። የማይክሮሶፍት ለርን የጽሑፍ ትምህርት ነፃ ነው፣ ከስተዲ ጋይዱም ጋር ይሄዳል፤ ደረቅነቱ ግን አይካድም። ቪዲዮ የሚቀናችሁ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት የሲያትል ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርዳችሁን አውጡ። በከተማዋ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የሚማር ሰው በነፃ ያገኘዋል፤ በካርዱም የሊንክድኢን ለርኒንግ ኮርሶች ይከፈታሉ። የኮሌጃችሁን ላይብረሪያንም ምን ምን እንደተከፈለላችሁ ጠይቁ፤ የትምህርት ክፍያችሁ ውስጥ አለበት። ኤስኪውኤል መጻፍ ራሱ የሚከብዳችሁ ከሆነ ግን ሰርተፊኬቱን ለጊዜው አቆዩትና የኢትዚክ ቤን-ጋንን "ቲ-ኤስኪውኤል ፈንዳሜንታልስ" ሥሩ። አብዛኞቹ ምዕራፎች መልመጃ ከነመልሱ አላቸው። ኩዌሪ ማንበብ የማይችል አድሚኒስትሬተር የዘገየውን ኩዌሪ ምክንያት ሊያገኝ አይችልም።

በሐበሾች ስለሚሰጡት የቅዳሜና እሁድ የዲቢኤ ኮርሶች ሳልናገር ባልፍ ትታዘቡኛላችሁ። ጥሩዎች አሉ። ዴድሎክ ምን እንደሆነ በአማርኛ፣ በምንጠቀምበት ምሳሌ ሲነገር በአምስት ደቂቃ ይገባል፤ ያስተማረንም ሰው በኋላ ሥራ ሲገኝ የሚጠቁመን እሱ ነው። ብዙ ወንድሞችና እህቶች ከፓርኪንግና ከታክሲ ሥራ ወደ ቢሮ የተሻገሩት በዚህ መንገድ ነው። ሆኖም ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የትምህርቱ ይዘት ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰው መቼ ነው? ከክፍሉ ሰዓት ስንቱ እኛው ኪቦርድ ላይ የምንሠራበት ነው? አስተማሪው በምርቃት መልክ ጥያቄ ከነመልሱ እሰጣለሁ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

ምክንያቱም ይህ የማትሪክ ጥራዝ አይደለም። እዚያ ያለፈው ዓመት ጥያቄ አልፏል፤ ማንም ቢሠራው ማንንም አይጎዳም። እዚህ ግን ጥያቄዎቹ እየተፈተነባቸው ያሉ ናቸው፤ ፈተናው ከመጀመሩ በፊትም ምስጢር ለመጠበቅ የምንስማማበት ገጽ አለ። ተሰርቆ በወጣ ጥያቄ መዘጋጀት ማጭበርበር ተብሎ ይቆጠራል። ውጤት ሊሰረዝ፣ ሰርተፊኬት ሊነጠቅ፣ ሰውየውም ከፈተና ሊታገድ ይችላል። እኔ ስገዛው ይህን አላወቅሁም ነበር ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ ላውቅ አልፈለግሁም። በዚያ ላይ መልሶቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ስህተት ናቸው፤ የጻፋቸውን ሰው ማንም አያርመውም።

ሕጋዊውን የመለማመጃ ፈተና ከደምፕ መለየት አይከብድም። ሕጋዊው ትክክለኛው መልስ ለምን ትክክል እንደሆነና የቀሩት ለምን እንዳልሆኑ ያስረዳል፣ ወደ ሰነዱም ይመራል። ማይክሮሶፍት ራሱ ነፃ የመለማመጃ ፈተና አለው። ቀድማችሁ አትጨርሱት። ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ ውሰዱትና የተሳሳታችሁበትን ወደ ዳታቤዛችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም፤ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ዲፒ-300ን በመሰሉ ፈተናዎች ላይ የማይክሮሶፍት ለርን ሰነዶችን በፈተናው መካከል ከፍቶ ማየት ይፈቀዳል። ሰዓቱ ግን አይቆምም። ስለዚህ ስታጠኑ ጥያቄ በገጠማችሁ ቁጥር ወደ ጉግል ከመሮጥ እዚያው ሰነድ ውስጥ ፈልጉ። ፈተናው ላይ የሚረዳችሁ ገጹ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ነው።

የፈተና ቀን ስትይዙም ሁለት ነገር አትርሱ። ፈተናው በአማርኛ አይሰጥም፤ በምትመርጡት ቋንቋ ስለሌለ ማይክሮሶፍትን ተጨማሪ 30 ደቂቃ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሚጠየቀው ቀን ከመያዙ በፊት ነው፣ ከተያዘ በኋላ አይሆንም። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። የአያት ስም በአንዱ መታወቂያ ላይ የአባት ስም ሆኖ፣ በሌላው ሁለቱም ተቀጥለው የተጻፉብን ስንቶቻችን ነን? ስትመዘገቡ የምትሞሉት ስም ይዛችሁ ከምትሄዱት መታወቂያ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከበር ሊመልሷችሁ ይችላሉ። አካውንቱን ዛሬ ከፍታችሁ እዩት፤ ለማስተካከል ቀናት ሊወስድ ይችላል።