ዘንጉ ለማን ይፈርዳል?

ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ደብረ ታቦርን ማቀዝቀዝ በሚጀምርበት ምሽት፣ በአንዲት ሻይ ቤት ጥግ ሁለት ተማሪዎች አንድ የእጅ ስልክ ላይ ጎንበስ ብለው ቼዝ ሲጫወቱ አገኘናቸው። ጨዋታው እንዳለቀ ተሸናፊው የትንተናውን ምልክት ነካ። ወዲያውኑ ከሰሌዳው ጎን ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ቀጭን ዘንግ ብቅ አለ። እርምጃዎቹ አንድ በአንድ ሲታዩም ነጩ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። 20ኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ ዘንጉ ከሞላ ጎደል ነጭ ሆነ፤ ነጩን የያዘው ደግሞ ተሸናፊው ነበር።

«አየህ! አሸንፌህ ነበር እኮ» አለ።

«ታዲያ ምነው ሳታሸንፈኝ ቀረህ?» ብሎ ጓደኛው ሻዩን ፉት አለ።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ክርክር ነው። በኢንተርኔት የሚጫወቱ የቼዝ ወዳጆች ስለዚህ ዘንግ ያላቸው ስሜት በሁለት የተከፈለ ነው። አንዳንዶች ያለ እርሱ ጨዋታ መመልከት አይችሉም፤ ሌሎች ደግሞ «ማሰብ ያስተወናል» እያሉ ያጠፉታል። ማን ልክ እንደሆነ ከመናገራችን በፊት ግን ዘንጉ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ከዘንጉ በስተጀርባ ያለው የቼዝ ሞተር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ከእነዚህ የታወቀው ስቶክፊሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ከ2020 ጀምሮ የሰሌዳውን አቋም የሚመዝነው በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ እየታገዘ ነው። የምዘናው ውጤት አንድ ቁጥር ነው። +1 ሲል ነጩ በአንድ ወታደር ያህል ይበልጣል ማለት ነው፤ +9 ሲል የአንዲት ንግሥት ያህል።

ይህ ቁጥር እንዳለ ወደ ዘንግ ቢለወጥ ግን ዓይንን ያታልላል። አቻ በሆነ ጨዋታ አንድ ወታደር ማጣት ከባድ ጉዳት ነው፤ ንግሥት በትርፍ ለያዘ ሰው ግን አንድ ወታደር ቢቀነስበት ከቁብ አይቆጥረውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው ነጻው የቼዝ መድረክ ሊቼስ ቁጥሩን ጫፍና ጫፉ በተለዘበ ጠማማ መስመር አማካይነት ወደ ማሸነፍ ዕድል ይለውጠዋል። በዚህ ስሌት +1 59 በመቶ፣ +3 75 በመቶ፣ +9 ደግሞ 96 በመቶ ተኩል ገደማ ይሆናል። ከ0 ወደ +1 ሲኬድ ዘንጉ 9 ነጥብ ይጨምራል፤ ከ+8 ወደ +9 ሲኬድ ግን ከ2 ነጥብ ያነሰ ነው።

የዚያ ምሽት ጨዋታ በ20ኛው እርምጃ ያሳየው +4 ነበር፤ ይህም ወደ 81 በመቶ ይጠጋል። ተማሪው «አሸንፌ ነበር» ያለው በዚህ ተመክቶ ነው። ነገር ግን 81 በመቶ ለማን? የሊቼስ ስሌት የተቀመረው ነጥባቸው 2300 ገደማ በሆኑ ብርቱ ተጫዋቾች ጨዋታዎች ላይ ተመሥርቶ ነው። የሻይ ቤቱ ወዳጃችን ነጥብ ከዚያ እጅግ ያንሳል። በእኛ አስተያየት ተጫዋቾችን እርስ በርስ የሚያነታርካቸው አብዛኛው ጉዳይ ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ዘንጉ የሌላ ሰውን ዕድል ያሳያል፣ ተመልካቹ ግን የራሱ አድርጎ ያነበዋል። ቁጥሩ ራሱም ቢሆን የስምምነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ስቶክፊሽ 15.1፣ +1 ማለት ሞተሩ ከእኩያው ጋር ሲጫወት 50 በመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዲሆን መለኪያውን እንደገና አስተካክሎታል።

የጨዋታ ተመልካች በመሐል ገብቶ መፍረዱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ሰንጠረዥ የሚባለው ጥንታዊው የኢትዮጵያ ቼዝ በመኳንንቱ ቤት የተለመደ ነበር። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ካደረጉት ከራስ አሊ ጋር እ.ኤ.አ. በ1849 ውል የተፈራረመው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ጨዋታው ጽፏል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ በ1971 ባሳተሙት ጥናት ታሪኩንና ሕጉን ዘርዝረውታል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ በመስመር የተከፋፈለ ቀይ ጨርቅ ነው። ጨዋታው የሚከፈተውም «ወረራ» በሚባል ምዕራፍ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቁራጭ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ልባቸው ያንቀሳቅሳሉ። (ለዚህ ዓይነቱ አከፋፈት ዘንግ መሥራት ለፕሮግራም ጸሐፊዎች ጥሩ የቤት ሥራ ይመስለናል።)

እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሳልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ በመኳንንቶቻቸው ተከበው ከዝሆን ጥርስ በተሠሩ ትላልቅ ቁራጮች ሲጫወቱ አይቷል። ጫጫታው ብዙ ነበር፤ ባሮች ሳይቀሩ አስተያየት ይሰጣሉ፣ ቁራጩንም አንስተው የሚበጀውን እርምጃ ያሳያሉ። ሆኖም ሁሉም በዘዴ ተረዳድተው ራሱ እንዲያሸንፉ ያደርጉ እንደነበር ሳልት ሳያስተውል አልቀረም። ስቶክፊሽ የሚያስፈራው ራስ የለውም፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። በሌላ በኩል ግን ያ አሽከር ቁራጩን አንስቶ ምክንያቱን ያሳይ ነበር። ዘንጉ «ተበላሽቷል» ይላል እንጂ ለምን እንደተበላሸ አይናገርም።

ይህ ልዩነት በዓለም መድረክ ጎልቶ የታየው ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲንጋፖር ነው። የዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻው 14ኛ ጨዋታ ወደ አቻ እያመራ ሳለ፣ ዲንግ ሊረን በ55ኛው እርምጃ ግንቡን ያለ ቦታው አኖረ። በየስክሪኑ ዘንጉ ወዲያው ወደ ጥቁር ተገለበጠ፤ ቼዝ በወጉ የማያውቅ ተመልካች እንኳ ስህተቱን ከባለቤቶቹ እኩል አወቀ። ከሰሌዳው ፊት የተቀመጠው የ18 ዓመቱ ጉኬሽ ግን ዘንግ አልነበረውም። በኋላ እንደተናገረው፣ ሌላ እርምጃ ሊሄድ ምንም ያህል አልቀረውም ነበር፤ ከዚያ የባላጋራው ቢሾፕ መውጫ እንዳጣ አየ። ግንቡም ቢሾፑም ተለዋወጡ፣ የቀረው የወታደሮች ፍልሚያ የጉኬሽ ሆነ፣ ዘውዱም አብሮ።

ወደ ሻይ ቤታችን እንመለስ። ዘንጉንና ቀስቱን እንዲያጠፉልን ለመንናቸውና 20ኛውን እርምጃ በስልኩ ላይ ዘረጋነው። ነጭ የሚያሸንፍበት መንገድ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን፤ የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አላየም። ሩብ ሰዓት ያህል ተከራከርን። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት፣ ቼዝ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይሁን አይሁን ሳንጠይቃቸው፣ «እስቲ ይህን ግንብ ስጡት» ብለው ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ ጫኑ። ንጉሡ ግንቡን በላ፤ ወደ ጥግም ተሳበ። ሁለቱ ልጆች ተያዩ። ፈረሱ በአንድ ዝላይ ንጉሡንና ንግሥቲቱን አንድ ላይ የሚይዝበት ቦታ ክፍት ሆኖ ነበር።

ተሸናፊው ዘንጉን መልሶ ለማብራት እጁን ሲዘረጋ አሸናፊው ስልኩን ነጠቀውና፣ «ቆይ፣ እኔ ደግሞ እንዴት ላመልጥ እንደምችል ልይ» አለ።