ራውተር ልትገዙ ነው? ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሞክሩት



ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ አልለጠፍኩም፤ ዋጋውን ስለሚያመጣልን ዕቃ ነው የማወራችሁ። ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚገቡልኝ ጥያቄዎች ከቡና ዋጋ ቀጥሎ የሚበዛው “ወንድም፣ የቤት ራውተር ላስገባ ወይስ በስልኬ ዳታ ልቀጥል?” የሚል ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት መልስ ከምደጋግም ብዬ አብረውኝ የሚሠሩትን አቅራቢዎች፣ ነጋዴዎችና የዩኒየን ሰዎች እየዞርኩ ጠየቅኩ። ከአታት ሆስፒታል አካባቢ ጀምሬ ጉብሬ፣ እምድብር፣ ወልቂጤ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ቡታጅራ። ቅሬታ ሲነሳ የድርጅት ስም አልጠራም። ያው ራውተር አንዱ ቤት እየሮጠ ሁለት አጥር አልፎ ሌላው ቤት ሞቶ አይቻለሁ፤ ከስሙ ይልቅ የሚወስነው ቦታውና ሰዓቱ ነው።

ሰዓቱን ላስቀድም፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

የኒውዮርክ አረቢካ ገበያ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ቀን 5:15 ተከፍቶ ማታ 2:30 ይዘጋል። እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ከቀኑ 6:15 እስከ ማታ 3:30 ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ቡና በሚለቀምበትና በሚሰበሰብበት ወራት መዝጊያው ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለው ላኪ ያንን መዝጊያ አይቶ ነው የነገን መግዣ ዋጋ የሚቆርጠው።

ያ ሰዓት ደግሞ አገር ምድሩ ከሥራ ገብቶ ስልኩን የሚከፍትበት ነው። ቲክቶክ አለ፣ ዩቲዩብ አለ፣ አረብ አገር ካለች እህት ጋር ቪዲዮ ጥሪ አለ። የቤት ራውተር ከውጭ የሚገባለት ገመድ የለውም፤ ውስጡ ሲም ካርድ ነው ያለው፤ ከስልካችን ጋር ያንኑ ማማ ነው የሚሻማው። ማማው ያለውን አቅም ለተገናኘው ሁሉ ያካፍላል። ለእኛ ሥራ ዋናው ሰዓትና ኔትወርኩ የሚጨናነቅበት ሰዓት አንድ ላይ ወደቁ ማለት ነው።

“ታዲያ ደቂቃ ቢዘገይ ምን ይመጣል?” ለምትሉ እናስላው። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ነው፤ በ60 ኪሎ 19,200 ኪሎ፣ በፓውንድ 42,300 ገደማ። ኒውዮርክ አንድ ሳንቲም ሲንቀሳቀስ በኮንቴይነር 423 ዶላር ነው። አሥር ሳንቲም ሲንቀሳቀስ ከ4,200 ዶላር በላይ። በፈረሱላ ለምታስቡ፣ በ17 ኪሎ የተፈለፈለ ቡና አሥር ሳንቲም ማለት 3.75 ዶላር ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ዋጋው ከአራት ዶላር በላይ በወጣበት ሰሞን በአንድ ቀን አሥር ሳንቲም መውጣትና መውረድ ብርቅ አልነበረም። ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ትራምፕ በብራዚል ዕቃ ላይ 50 በመቶ ታሪፍ እጥላለሁ ብለው ያስታወቁትም በእኛ ሌሊት ነበር።

አታት አካባቢ ጀንፈል የሚሰበስቡ አንድ አባት ያጫወቱኝን ልንገራችሁ። ራውተሩን የገዙት ከተማ ወጥተው ነው። ሻጩ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ሰክቶ ቪዲዮ ከፈተላቸው፤ ሳይቆራረጥ ሄደ። ደስ ብሏቸው ወሰዱት። ቤታቸውም ጠዋትና ቀን አሪፍ ይሠራል። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። አንድ ማታ የሚያስረክቡት ላኪ በቴሌግራም “እስከ ሦስት ሰዓት ከመለሱልኝ አንድ አይሱዙ ሙሉ በዚህ ዋጋ እወስዳለሁ” ብሎ ጻፈላቸው። እሳቸው ያዩት ጠዋት ነው። ማታውን ኒውዮርክ ወርዶ አድሯል፤ ላኪውም ዋጋውን ቀንሷል። ደውለው “ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብትደውልልኝ ምን ነበረበት?” ቢሉት፣ “ጋሼ፣ ሁለተኛዋ ምልክት ሳትመጣ ስትቀር አልፈለጉም ብዬ ሌላ ሰው ያዝኩ” አላቸው። ላኪውን እንዴት ትወቅሰዋለህ? ለእሱም ሰዓቱ እየሄደበት ነው።

ሌላው፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የነገረኝ ቅሬታ “ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም” የሚል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይምታታል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት የዋይፋይ ምልክት በስልካችሁና በራውተሩ መካከል ያለውን ነው የሚያሳየው። ራውተሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ሁልጊዜ ሙሉ ይሆናል። በራውተሩና በማማው መካከል ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱን ለማየት ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ (ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.8.1 ነው) ስልካችሁ ብራውዘር ላይ ጻፉ፤ የይለፍ ቃሉም እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ከዚያ “አር.ኤስ.አር.ፒ” የሚለውን መስመር ፈልጉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። 80ዎቹ ውስጥ ከሆነ አትጨነቁ። ከዜሮ በታች 100 አካባቢ ከሆነ እያነከሰም ቢሆን ይሠራል። 110ን ካለፈ ቦታ ቀይሩለት።

ይህ ቁጥር አንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ቁጥሩ ቀንም ማታም ደካማ ከሆነ ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ሊስተካከል ይችላል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚሞት ከሆነ ግን ችግሩ ማማው ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ነው። ያኔ ራውተሩን ከመስኮት ወደ ቁም ሳጥን አናት፣ ከቁም ሳጥን ወደ መስኮት ብታመላልሱት ለውጥ የለውም። ለደንበኞች አገልግሎት ስትደውሉም “ቀርፋፋ ነው” ከምትሉ “ምልክቱ ይህን ያህል ነው፣ ከዚህ እስከዚህ ሰዓት ይወድቃል” በሏቸው፤ “አጥፍተው ያብሩት” ከሚለው መልስ ያለፈ ነገር የመስማት ዕድላችሁ ይሰፋል።

ስለ ቦታ ካነሳን፣ ጉብሬ ያለች አንዲት ቡና ነጋዴ ያገኘችው መላ ለእኛ አገር ቤት አሠራር የተሰፋ ነው። ራውተሩን መጀመሪያ ያስቀመጠችው በጓዳ በኩል፣ እንሰቱ ባለበት አቅጣጫ ነበር። እንሰት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ውኃ የቋጠረ ነው፤ የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ነገር ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል። ዝናብ ሲዘንብ ይብስባታል። ወደ ጀፎሮው ፊት ለፊት ወዳለው መስኮት ስታዞረው ቁጥሩ ከ112 ወደ 97 መጣላት። ጀፎሮ ክፍት ሜዳ ነው፣ የሚጋርደው የለም። በእርግጥ ማማው በየትኛው በኩል እንዳለ አይታችሁ ነው። የባሕር ዛፍ ጥሻና ቆርቆሮም እንደዚያው ናቸው፤ ግድግዳው ጭምር ቆርቆሮ የሆነ መጋዘን ውስጥ ራውተር ማስቀመጥ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ እንደ ማስቀመጥ ነው።

መብራት። ይሄን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ራውተር ባትሪ የለውም (ያላቸው አነስተኛ ዓይነቶች አሉ)፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ግን የሚበላው ትንሽ ነው፤ አሥር ዋት ገደማ። 20,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ ከነብክነቱ አራት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ለማታው ገበያ ይበቃል። ገመዱን ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩ ሥር 12 ቮልት፣ 9 ቮልት ወይስ 5 ቮልት እንደሚል እዩ፤ ያልሆነ ገመድ ሰክቶ ያቃጠለ ሰው ወልቂጤ አግኝቻለሁ። መብራቱ ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ግን የማማውም ባትሪ ያልቃል፤ ለዚያ ፓወር ባንካችሁ አይረዳችሁም።

አሁን ወደ ፓስወርድ። እኛ አገር ጎረቤት አጥር ላይ ቆሞ ፓስወርድ ሲጠይቅ “አልሰጥም” የሚል ምላስ ማን አለው? እምድብር ያለ አንድ ወዳጄ ለታናሽ ወንድሙ የሰጠው ፓስወርድ በሳምንቱ አሥራ አራት ስልክ ላይ ደረሰ። ማታ ማታ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ኳስ የሚያዩ ልጆች አሉ። አንድ ሰዓት ጥራት ያለው ቪዲዮ እስከ ሦስት ጊጋባይት ይበላል፤ የእኔ ቻናል የዋጋ ጽሑፍ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ከአንድ የኳስ ጨዋታ አይበልጥም። ወዳጄ ምን አደረገ? ፓስወርዱን አልቀየረም፤ ቅሬታ አልፈለገም። ከማታ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል ዋይፋዩን ያጠፋና የራሱን ላፕቶፕ በገመድ ከራውተሩ ያገናኛል። ለልጆቹ “ኔትወርክ ሄደ” ነው የሚላቸው። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፤ አብዛኛው ራውተር “የእንግዳ” የሚባል ሁለተኛ ዋይፋይ መክፈት ይችላል፤ ጎረቤትን እዚያ ላይ አድርጉ፣ በሚፈልጉት ሰዓት እሱን ብቻ ዝጉ።

“ያልተገደበ” የሚል ፓኬጅ የገዛችሁ ደግሞ ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል የሚል መስመር ካለ፣ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ራውተሩ ለምን እንደ ታመመ መልሱ እዚያ ነው። ቴሌግራማችሁም ላይ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ አጥፉት። ሃያ የዋጋ ግሩፕ ውስጥ ያለ ሰው ሳያውቀው ስንት ቪዲዮ እንደሚያወርድ አስቡት።

ቡታጅራ ያሉት የእህልና የበርበሬ ነጋዴዎች ጋ ስደርስ ወሬው ተቀየረ። የማረቆ በርበሬ የሚጭን አንድ ነጋዴ ሳቀብኝ። “እኔ ምን ያደርግልኛል? በርበሬ በረንዳ ያለው ደንበኛዬ ንጋት ላይ ይደውልልኛል፣ በቃ” አለኝ። እውነቱን ነው። በቆሎና ጤፍ ኒውዮርክን አይጠብቁም፤ እህል በረንዳ ስንት መኪና እንደገባ ነው የሚወስናቸው፤ ያ ደግሞ በሁለት ደቂቃ የድምፅ ጥሪ ይታወቃል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋውን በ929 የስልክ መስመር ሲያሰማ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ አላችሁ፤ ድምፅ ብቻውን ብዙ ሥራ ሠርቷል። እህል ብቻ የምትነግዱ ከሆነ፣ ለልጆች ትምህርት ካልሆነ በቀር፣ ለራውተር የምታወጡትን ለጆንያና ለመጋዘን ብታውሉት ይሻላል ባይ ነኝ።

ዩኒየኖች ግን በተቃራኒው ናችሁ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ጊዜው ቢራዘምም አልተሰረዘም። ከአራት ሄክታር በታች ላለው ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ፣ ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ድረስ ይጠይቃል፤ የእኛ ገበሬ ማሳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ በታች ነው። ነጥቡ ራሱ ከባድ አይደለም፤ የሺዎች ገበሬ ፎቶና ቅጽ ሲላክ ነው የሚከብደው። አንድ የዩኒየን መረጃ ሠራተኛ “ማውረድ ይሠራል፣ መላክ እምቢ ይላል” ብላ ያማረረችው እውነት አለው። ማማው ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ራውተሩ ግን የሚመልሰው በሹክሹክታ ነው። ከማማው በራቃችሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚዳከመው መላኩ ነው። እሷ አሁን ፋይሎቹን ማታ አዘጋጅታ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የምትልከው፤ ማማው ባዶ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሲም ያዙ፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መስከረም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫው አንድ ብቻ አይደለም። ሁለቱንም በስልካችሁ እየቀያየራችሁ፣ ራውተሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ቀን በተከታታይ ሞክሩ። ማታ የሚሻለውን ለራውተሩ ውሰዱ፣ ሌላውን ስልካችሁ ላይ ለመጠባበቂያ አስቀሩት። ከላኪያችሁ ጋርም አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ መልእክት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልታየ ይደወል።

ራውተር ያላችሁ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቁጥራችሁን አይታችሁ፣ ቀበሌያችሁን ጨምራችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከአታት፣ ከእምድብርና ከጉብሬ አሥራ አንድ ሰው ልኮልኛል፤ ከአበሽጌ፣ ከእኖርና ከቡታጅራ ዙሪያ ገና ነው። ሰብሰብ ሲል የትኛው አካባቢ ማታ እንደሚሠራ እለጥፍላችኋለሁ። የጀንፈል ዋጋ እንደተለመደው ነገ ጠዋት።