የሌዘር መብራት ንግድና የማይታየው ጨረር

የገና ሰሞን ሲቃረብ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴንሃግ ሱቆች ግድግዳና ጣሪያ ላይ ከዋክብት የሚረጩ የሌዘር መብራቶች ይበዛሉ። ለሠርግና ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ የሚፈለጉ፣ ታክሲ ውስጥ ዩኤስቢ ላይ ተሰክተው ጣሪያውን የሚያስጌጡም አሉ። ዋጋቸው ርካሽ፣ ትርፋቸውም ደህና ነው። ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ከሚታየው ብርሃን ጋር የማይታይ ጨረር ስለሚለቁ ዓይንንም ንግድንም ሊጎዱ ይችላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 532 ናኖሜትር የሚባለው አረንጓዴ ሌዘር ከመነሻው አረንጓዴ አይደለም። በውስጡ ያለው ዳዮድ 808 ናኖሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ ጨረር ያመነጫል፤ አንድ ክሪስታል ይህንን ወደ 1064 ይለውጠዋል፤ ሁለተኛው ክሪስታል ደግሞ የሞገዱን ርዝመት በግማሽ ቀንሶ አረንጓዴ ያደርገዋል። ሳይለወጥ የተረፈውን ኢንፍራሬድ የሚያስቀረው ፊልተር የሚባለው ትንሽ መስታወት ነው። ወጪ የሚቆጥብ አምራች ይህን ፊልተር ሊተወው ይችላል። መብራቱ ያለ ፊልተርም ስለሚበራ ገዢው አያውቅም።

የሚታይ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ ሰው በሩብ ሰከንድ ውስጥ ይጨፍናል፤ ለደረጃ 2 ሌዘር እስከ 1 ሚሊዋት የተፈቀደውም ስለዚህ ነው። ኢንፍራሬድ ግን ስለማይታይ ዓይን አይጨፈንም፤ ጨረሩም እስከ ሬቲና ይደርሳል። በ2010 የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሳይንቲስቶች በ15 ዶላር የተገዛ አረንጓዴ የሌዘር ጠቋሚ ሲመረምሩ፣ የሚታየው ብርሃን ደካማ ሆኖ ሳለ ወደ 20 ሚሊዋት የሚጠጋ ኢንፍራሬድ ይወጣ ነበር። ፊልተር አልነበረውም። በ2013 ይኸው ተቋም 122 ጠቋሚዎችን ፈትሾ ከአረንጓዴዎቹ 90 ከመቶ የሚጠጉት የአገሪቱን የደህንነት ደንብ እንደማያሟሉ አስታውቋል። ስለዚህ «ብርሃኑ ደካማ ነው፣ አይጎዳም» ማለት አያዋጣም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ዕቃውን ከቻይና በኢንተርኔት አዘው በቀጥታ ካስመጡ በሕግ ፊት አስመጪ ነዎት፤ ጉዳት ቢደርስ እንደ አምራቹ ተቆጥረው ይጠየቃሉ። ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የምርት ደህንነት ደንብ የአስመጪውን ስምና አድራሻ ማሳወቅን ያዛል። በሆላንድ ተቆጣጣሪው የምግብና የሸቀጦች ባለሥልጣን፣ ማለትም ኤንቬዌአ ነው። ለምሳሌ 40 መብራት በ15 ዩሮ ሸጠው ከእያንዳንዱ 5 ዩሮ ቢያተርፉ ትርፉ 200 ዩሮ ነው። ዕቃው ተሰብስቦ ገንዘብ ይመለስ ቢባል ግን ከኪስዎ የሚወጣው 600 ዩሮ ነው፤ ቅጣቱና ካሣው ሳይቆጠር።

እንግዲህ የሚከተሉትን ልብ ይበሉ።

1ኛ/ የሌዘሩ ደረጃ፣ የሞገዱ ርዝመትና የአስመጪው አድራሻ መጻፉን ይመልከቱ። የሲኢ ምልክትን አምራቹ ራሱ ስለሚለጥፈው ብቻውን አይበቃም፤ በኢኤን 60825-1 መሠረት የተደረገ የፍተሻ ሪፖርት ይጠይቁ።

2ኛ/ 520 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ በቀጥታ ከዳዮድ ስለሚወጣ ይህ ትራፊ ኢንፍራሬድ የለበትም። 532 ከሆነ ስለ ፊልተሩ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ።

3ኛ/ ጨረሩን የሚበትነው የፊት መስታወት ከተሰነጠቀ ወይም ከወለቀ መብራቱን አያብሩ፤ አይሽጡም። ያልተበተነ ጨረር ኃይሉን ሁሉ ይዞ በአንድ መስመር ይወጣል።

4ኛ/ ታክሲ ውስጥ ሌዘር ወደ ተሳፋሪ፣ በተለይ ወደ ሕፃናት ዓይን እንዳይዞር ያድርጉ። ተራ ኤልኢዲ መብራት ይሻላል።

5ኛ/ የግዢ ደረሰኝዎን 7 ዓመት ያስቀምጡ፤ የግብር መሥሪያ ቤቱም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የተጠያቂነት ኢንሹራንስዎ ከኅብረቱ ውጭ የሚያስመጡትን ዕቃ መሸፈኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መደርደሪያዎን ዛሬውኑ ይፈትሹ። ቸር ይግጠመን።